ክንፋሙ ፈረስና የፊዚክስ መጽሐፍ

በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ቦርሳ ፈትሻለሁ። ጠዋት ከቀበና በእግሬ እመጣለሁ፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የሰው እጅ አያለሁ። በዚያ በር ተሰርቆ የወጣ መጽሐፍ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ያወጣሁትም እኔ ነኝ።

ልጄ ሰላማዊት ለፈተና ስትዘጋጅ የፊዚክስ መጽሐፍ ቸገራት። ለሳምንት ብዬ በካፖርቴ ሥር ይዤላት ሄድኩ። በሳምንቱ፣ መጽሐፍ ይዞ የተገኘ ሠራተኛ ይባረራል የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ፈራሁ። መጽሐፉ ሣጥን ውስጥ ገባና እዚያው ቀረ። ሰላማዊት ዛሬ መሐንዲስ ናት።

ጡረታ የምወጣው አርብ ነበር። ረቡዕ ዕለት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሥርጉት አንዲት ትንሽ ወረቀት ይዛ መጣች። በየመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ የምትለጠፍ ናት።

«ጋሼ አካሉ፣ እስቲ ይዩልኝ። ራሴ ነኝ የሳልኩት።»

ክንፍ ያለው ፈረስ ነው። ድንጋይ በሰኮናው ሲመታ ውሃ ይፈልቃል። ከሥሩ የዩኒቨርሲቲው ስም አለ።

«ሆዱ የአህያ ነው» አልኳት። እንጦጦ ነው ያደግሁት፤ ፈረስ አውቃለሁ።

«እርስዎ ደግሞ! የግሪኮች ተረት ነው። ከዚያ ምንጭ የጠጣ ሰው ግጥም ይመጣለታል።»

«ግዝቱስ የታለ?»

«የምን ግዝት?»

የካ ሚካኤል ፊደል ስቆጥር ያየሁትን ነገርኳት። በብራናው መጀመሪያ ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፋል፤ ቀጥሎ «የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን» ይላል።

ሥርጉት ሳቀች።

«ታዲያ የተወገዘ ሰው በምን ፊቱ ይመልሰዋል? እንደደበቀው ይሞታል እንጂ! እኔ እኮ የምፈልገው መጽሐፌን ነው። ደግሞስ ውሃ ጠጣ ተብሎ ሰው ይረገማል?»

አንድ ተማሪ ቦርሳውን ከፍቶ ቆሞ ነበር፤ ወደ እሱ ዞርኩ።

በማግስቱ መጽሐፉን በካፖርቴ ሥር ሳይሆን በእጄ ይዤ መጣሁ። ሥርጉት ወረቀቶቿን ስትለጥፍ አገኘኋት። ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። ገለጠችው። ኋላው ላይ በማኅተም የተመታውን የመጨረሻውን የውሰት ቀን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች።

«መሐንዲሷ ልጅዎ ናት ያነበበችው?»

«አዎ።»

«ጠጥታለቻ!»

የሙጫውን ጣሳና ብሩሹን ወደ እኔ ገፋች።

«ይችን እርስዎ ይለጥፏት። እንዳትጣመም ብቻ።»

አልተጣመመችም። ሆዱ ግን አሁንም የአህያ ነው።