የሼህ በሺር ድቤና የስልኩ ምት

ፊርደውስ አንድ ነገር ካልገባት እህል አይወርድላትም። ኮምቦልቻ ውስጥ ሞባይል በምትጠግንበት ጠባብ ሱቅ፣ የደንበኛው ስልክ ድኖ እንኳ «ግን ለምን ተበላሸ?» እያለች አገላብጣ ታየዋለች፤ ባለቤቱ ደግሞ ስልኬን ስጪኝ ለማለት አፍሮ ቆሞ ይቁለጨለጫል። ሰሞኑን እህል የከለከላት ግን የሰው ስልክ አልነበረም። የገዛ አባቷ እጅ ነበር።

አባቷ ሼህ በሺር ከኮምቦልቻ ወረድ ብላ ያለችው የደጋን ከተማ ሰው ናቸው። ሼህነቱን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸው ማነዎት ቢባሉ ድቤ መቺ ነኝ ነው የሚሉት። ሐድራ በሚባለው የመንዙማ ዝግጅት ላይ የጀማዓውን ድቤ የያዙት ፊርደውስ ሳትወለድ ነው። ዘንድሮ ታዲያ መንዙማውን የሚያወጣው ሙንዚር አንድ ሐሳብ አመጣ፤ ለመውሊድ የሚሆን መንዙማ በስልክ ቀርፀን በቴሌግራም እንልቀቅ አለ። ፊርደውስ ስልኳ ላይ የመቅረጫ አፕ ስላላት ሥራው ለእሷ ተሰጠ።

ሙንዚር ጥራት ይወዳል። ሁሉም ለየብቻው ይቀረፅ፣ መጀመሪያ ድቤው፣ ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ በመጨረሻ ተቀባዮቹ ይደረቡበት አለ። እንዲህ ሲሆን ሁሉም እኩል እንዲሄድ አፑ በጆሮ ማዳመጫ ጠቅ ጠቅ የሚል ክሊክ አለው። ፊርደውስ ቴምፖውን ዘጠና ላይ አደረገች፤ በደቂቃ ዘጠና ጊዜ ጠቅ ይላል ማለት ነው። ማዳመጫውን አባቷ ጆሮ ውስጥ ከተተችና ቀዩን ነጥብ ነካች።

ሼህ በሺር መቱ። ድቤው ከክሊኩ ቀደመ፤ ቆይቶ ዘገየ፤ በኋላማ ጭራሽ የራሱን መንገድ ይዞ ሄደ። ደገሙት። ያው ነው።

ሙንዚር ሰው ማስከፋት ስለማይሆንለት ነገሩን ለፊርደውስ ብቻ፣ በር ላይ ነገራት።

«ወላሂ ሼሁን ጠልቼ አይደለም፤ ደክመዋል። አፑ ውስጥ የተዘጋጀ የድቤ ምት አለ አይደል? በእሱ እንቅረፅ። ከእንግዲህም በሐድራው ላይ ድቤውን ለሌላ ሰው ይልቀቁና ከተቀባዮቹ ጋር አረፍ ብለው ይቀመጡ።»

«እስከ ጁምዓ ታገሠኝ» አለችው። «ካልሆነ እንዳልከው ይሁን።»

አባቷ ድቤውን ቢነጠቁ ምን እንደሚሆኑ ታውቃለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከቤት የሚያወጣቸው እሱ ብቻ ነው። ከፋት፣ በጣም ከፋት። ግን ፊርደውስ ፊርደውስ ናትና ከመከፋቷም በላይ ጥያቄው ከነከናት። በሰው መሀል ሲመቱ ጀማዓውን ሙሉ የሚነዳ እጅ፣ ብቻውን ሲሆን ምን ነካው?

አምና በመውሊድ ሐድራ ላይ የቀረፀችው ስልኳ ውስጥ ነበር። አፑ ላይ ደግሞ ስክሪኑን በጣት እየመቱ የአንድን ዜማ ፍጥነት የሚለኩበት ቦታ አለ። ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ በአባቷ ድቤ ልክ ስክሪኑን ትመታ ጀመር። ሰባ አለ። ትንሽ ቆይቶ ሰማንያ፣ ከዚያ ዘጠና፣ ጀማዓው ሲግልና ሰው ሁሉ ሲነሳ መቶ አሥር ገባ። ሲወጣ አንድም ቦታ አልተንገዳገደም። ሣቋ መጣ። ጥፋቱ የእሷ ነበር ለካ፤ እየጋለ የሚሄደውን መንዙማ ዘጠና ላይ ቸንክራ ይዛው!

ቴምፖው ከሰባ ተነስቶ ቀስ እያለ እንዲወጣ አድርጋ አስተካከለችና ደስ እያላት ደጋን ወረደች። ሼህ በሺር መቱ። ድቤው አሁንም ወዲያ፣ ክሊኩ ወዲህ።

በማግስቱ ሱቁን ዘግታ በሚኒባስ ደሴ ወጣች። ጽናት የኮሌጅ ጓደኛዋ ናት፤ በዚሁ አፕ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ትቀርፃለች። ነገሩን ስትሰማ ብዙም አልገረማት።

«የእኛም ከበሮ መቺ አስቸግሮኝ ነበር» አለች ጽናት። «ክሊኩ ቀጭን ነው፣ ሰው ያናድዳል። ድምፁን ቀይሪውና ወፍራም ነገር አድርጊላቸው።»

ሐሙስ ከሰዓት ፊርደውስ እንደገና ደጋን፣ አባቷ ፊት ተቀምጣለች። ክሊኩን የከበሮ ድምፅ አደረገችው። አንዱን ማዳመጫ አባቷ ጆሮ ከተተችና «ይሰማል?» አለች።

«ይሰማል» አሉ ሼህ በሺር ራሳቸውን እየነቀነቁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ይሄኛው ይሻላል። የትናንት ወዲያው ይነዘንዘኝ ነበር።»

መምታት ጀመሩ። ፊርደውስ ስክሪኑን አየች። ድምፁን ስትቀይር ጣቷ ሌላ ቦታ ነክቶ ኖሮ ክሊኩ ላይ የድምፅ መዝጊያው ምልክት ተሰምሯል። ሌላኛውን ማዳመጫ አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ምንም የለም፤ ጭጭ ያለ ነው። አባቷ ግን ይሻላል ላሉት ድምፅ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይመታሉ።

ልትስቅ ከጀለች። ከዚያ ግን አንድ ነገር ጠረጠረች። ተነስታ በኋላቸው ዞረች።

«አባባ» አለች። አልዞሩም።

«አባባ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው።»

ሼህ በሺር ድቤያቸውን ይመታሉ።

ፊርደውስ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ሰው ጠርቷቸው ዝም ሲሉ ሰፈሩ «ሼሁ ዚክር ላይ ናቸው፣ አትረብሿቸው» ይላል፤ እሷም እንደ ሰፈሩ ብላ አልፋለች። የማንም ተራ ስልክ ለምን ተበላሸ ስትል የምትውል ሰው፣ አባቷን አንድ ቀን አልጠየቀችም። እንባዋን ጠርጋ ተመልሳ ፊታቸው ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰማዎት?»

ከንፈሯን ትክ ብለው አዩት። ድቤውን አቆሙ።

«ቆየ» አሉ። «በአንዴ አልሄደም። መጀመሪያ ወፉ ጠፋ፣ ቀጥሎ አዛኑ ራቀኝ፣ ቀጥሎ አንቺ።»

አመሏ ግን በዚህም ሰዓት አልለቀቃትም።

«ታዲያ አምና እንዴት መቱት? ለክቼዋለሁ እኮ፣ ዝንፍ አላለም።»

ሼህ በሺር ትንሽ ፈገግ አሉ። «በሙንዚር ትከሻ ነዋ። ትንፋሽ ሲወስድ ይነሳል፤ ሲወርድ እመታለሁ። ልቡ ሲግል ትከሻውም ይግላል፣ እኔም ተከትዬው እወጣለሁ። ድቤው ደግሞ ጉልበቴን ይነዝረኛል።» ፈገግታው ጠፋ። «በነቢ ይዤሻለሁ፣ እንዳትነግሪው። ደንቆሮን ድቤ የሚያስይዝ ማን አለ?»

አልነግረውም አለች።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሁሉም ኮምቦልቻ፣ ሙንዚር ቤት ተሰበሰቡ። ፊርደውስ መንዙማ ተቆራርጦ አይቀረፅም፣ ክሊክም አያስፈልገውም፣ አንድ ላይ እንደ ሐድራው ነው የምንቀርፀው አለች። ሙንዚር ቅር እያለው እሺ አላት። ሙንዚር አወጣ፣ ተቀባዮቹ ተቀበሉ፣ ድቤው ከሥር ገባ። የፊርደውስ ጣት ሳታዘው ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይለካ ነበር፤ ሰባ፣ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ። ደስታዋን መያዝ አቃታት።

በዚህ መሀል አንድ ከባድ መኪና መንገዱ ላይ ፍሬኑን እያንቋረረ መጣ። ሙንዚር ጩኸቱ ቀረጻው ውስጥ እንዳይገባ ብሎ፣ መንዙማውን እያወጣ ተነሳና ጀርባውን ሰጥቶ መስኮቱን ሊዘጋ ሄደ።

ድቤው አንድ ጊዜ ተንገዳገደ። ደግሞ ተንገዳገደ። ቆመ።

ተቀባዮቹ አቋረጡ። ሙንዚር ከመስኮቱ ዞሮ «ይኸው» አለ በሐዘን። «እኔ ምን አልኩ? በስልኩ ምት እንቅረፅ፤ ሼሁም ይረፉ።»

«የሳቸው ጥፋት አይደለም» አለች ፊርደውስ ቶሎ ብላ። «ስልኩ ነው፣ ስልኩ ድምፁን ሲያነሳ...»

ሼህ በሺር ከንፈሯን እያዩ ነበር። ውሸቷ እዚያው ላይ ታያቸው።

«ተይ ልጄ» አሉ። ድቤውን ከጉልበታቸው አውርደው መሬት ላይ አኖሩት። «ሙንዚር፣ ጆሮዬ ሄዷል። ያንተን ድምፅ ከሰማሁ ዘመን ሆነኝ። አንተን እያየሁ ነበር የምመታው፤ ስትዞርብኝ ጠፋኸኝ።»

ሼህ በሺር አንገታቸውን ደፍተው ድቤውን ያዩታል፣ እንግዲህ የሰው ነው ብለው።

ሙንዚር መስኮቱን ዘጋ። ትራሱን ከቦታው አንስቶ አመጣና ከሼህ በሺር ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠ። ድቤውን አንስቶ ጭናቸው ላይ መለሰው። አንድ ነገር አለ፤ አላዩትም። ቀና እስኪሉ ጠበቀና ቀስ ብሎ ደገመው።

«ትከሻዬ ይበቃል ወይስ እጄንም ላንሳ?»

ሼህ በሺር ድቤውን አስተካክለው ያዙ።

«ትከሻህ ይበቃል» አሉ። «እጅህ ይቸኩላል።»