በስምንት ሰዓት

ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ስሰፋ ሦስት ጊዜ ሳልለካ መቀስ አንስቼ አላውቅም። አንዲት ቃል ግን ሳልለካ ቆረጥኩ።

ባለቤቴ የበኩር ልጃችንን ልታርስ ወደምትኖርበት ሩቅ ከተማ ልትበር ነበር። ልጅቷ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ሐኪሟ ከአልጋ እንዳትነሳ፣ እንዳትደነግጥም አጥብቆ አስጠንቅቋታል። ባለቤቴን አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበላት አማቼ ነው፤ የመግቢያዋንም ሰዓት የያዘው እሱ ነው። እኔ ደግሞ አላርፍ ብዬ ቲኬት ቆራጯን «ስንት ይርቃል?» አልኳት።

«አምስት ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፣ አባባ። አያስቡ፣ በስምንት ሰዓት ይገባሉ» አለችኝ።

አውሮፕላኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተነሳ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ስልኬን ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩ። ስምንት ተኩል ሆነ፤ ምንም የለም። ዘጠኝ ሲል መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤ መወጋቴንም ያወቅኩት ነጩ ሸሚዝ ሲቀላ ነው። ስደውልላት ስልኳ ዝግ ነው። አውሮፕላኑ የሚያቋርጠው ባሕር ታየኝ። ጠዋት በር ላይ «ቶሎ በይ እንጂ!» ብዬ የጮህኩባት ታየኝ። ፈራሁ።

ልጄ ጋ ደወልኩ።

«እናትሽ ደወለችልሽ?»

«ኧረ አልደወለችም አባዬ። ምነው?»

«አውሮፕላኑ አልገባም! ከአንድ ሰዓት በፊት መግባት ነበረበት። አንድ ነገር ሆኗል፣ ልጄ!»

ከዚያ «እማዬ!» የሚል ጩኸት ሰማሁና መስመሩ ተቋረጠ።

ጎረቤቴ የሒሳብ መምህሩ ሱሪውን ሊወስድ ሲገባ መልኬን አይቶ ደነገጠ። ሁሉንም ነገርኩት።

«በስንት ሰዓት ተነሳች?»

«በአራት።»

«ታዲያ ጥይት ላይ ነው እንዴ የተሳፈረችው? ያን ሁሉ መንገድ በአራት ሰዓት? ቲኬት ቆራጯ እኮ ስምንት ሰዓት ይፈጃል ማለቷ ነው። አሥራ ሁለት ላይ ትገባለች፣ አንተ ሰውዬ!»

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ከዚያ ልጄ ትዝ አለችኝ። ደወልኩ፤ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። በስድስተኛው አማቼ አነሳው።

«አባባ፣ ምን ብለዋት ነው? መሬት ላይ ወድቃ አገኘኋት። ሐኪም ቤት እየገባን ነው» አለና ዘጋው።

መምህሩ ሱሪውን ረስቶ አብሮኝ ቁጭ አለ። አማቼ አልደወለም። እኔም መደወል ፈራሁ፤ ስልክ ያነሳሁ ቁጥር ሰው የምገድል መሰለኝ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ባለቤቴ ናት።

«ደረስኩ! አንተ፣ እኔ እኮ እንቅልፌን ስለጥጥ ነው የመጣሁት» ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምጿ ቀነሰ። «ግን የሚቀበለኝ የለም። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ አለቀ። ልጄ ምን ሆና ነው? አንተ ጋ ደውላ ነበር?»

መምህሩ አንገቱን ደፋ።

«አልደወለችም» አልኳት። «እኔ ነኝ የደወልኩላት።»