ስለት አይደለም

በእነ ኮከብ ሰፈር ሥጋ አልበላም ያለ ሰው ጾመኛ ነው፣ ይከበራል። ጠላ አልጠጣም ያለ ንስሐ ገብቷል ወይም ጴንጤ ሆኗል፣ እሱም ይታለፋል። የልቅሶ ቤት ዳቦ አልበላም ካለ ግን ንቋል፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ስንዴ ሰው ያሳምማል ብሎ ነገር ማን ሰምቶ ያውቃል? የአርሲን ስንዴ የጫነ አይሱዙ በየቀኑ በደጃችን እያለፈ፣ አዳማ ላይ ተቀምጦ «ስንዴ አይስማማኝም» ይባላል እንዴ?

ኮከብን ግን አልተስማማትም፤ ምን ታድርግ? ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዷ እየተነፋ፣ ሰውነቷ እየከሳ፣ ደረጃ ስትወጣ እያዞራት ኖረች። አሜባ ነው ተባለ፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ ዓይን ነው ተባለ፣ ጸበሉም ተጠጣ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ደሟን አስመርምሮ ቁርጡን ነገራት። «ሴሊያክ የሚባል በሽታ ነው። ስንዴና ገብስ እስከ ዕድሜሽ መጨረሻ በአፍሽ እንዳይዞር። ፍርፋሪውም፣ እሱን የነካ ማንኪያም» አላት። በዚያ ላይ ሌላ ጣጣ ነበረባት። ፍራንኮ አካባቢ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፍታ አሥራ አንድ ዓመት የሪላክሰርና የስፕሬይ ሽታ ስትስብ ኖራ፣ ደረቷ አንድ ቀን እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ በረኪና ሲሸታት ወይም የዝንብ መድኃኒት ሲነፋ ትንፋሿ ቁርጥ ይላል፣ ጭንቅላቷ ለሁለት የሚሰነጠቅ ይመስላታል። ፀጉር ቤቱን ዘጋች፤ እቤቷ የልብስ ስፌት መኪና ተከለችና ከእናቷ ከእማማ ሽታዬ ጋር ኑሮዋን ቀጠለች።

የስለቱን ነገር የፈጠሩት እማማ ሽታዬ ናቸው። «ልጄ፣ ሰው በሽታሽን አያምንሽም። ‹ስለት አለብኝ፣ ስንዴ የሚባል አልቀምስም› በይና ተገላገይ» አሏት። እውነትም እንዴት ያለ ግልግል ነበር! ሐኪም የጻፈላትን ወረቀት አይተው የሳቁባት ሴቶች፣ ስለት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ትሪውን ይዘው ወደኋላ ይመለሱ ጀመር። «እመብርሃን ትስማሽ» ይሏታል። አንዷማ «ለእኔም ጸልዪልኝ» ብላ ጉልበቷን ስማታለች። ኮከብ አፍራ መሬት ልትገባ ምንም አልቀራት፤ ቢሆንም ሆዷ ዕረፍት አግኝቷልና ዝም አለች።

ውሸት ግን እግሩ አጭር ነው። አንድ የማርያም ዝክር ላይ፣ ቤቱ ሰው በሰው ሆኖ ሳለ፣ ደጉ የንስሐ አባታቸው ኮከብን አዩና አንጀታቸው ተላወሰ። «ልጄ፣ ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ተከለከልሽ፣ ከሳሽ፣ ጠቆርሽ። እመቤታችን ጨካኝ አይደለችም። ስለትሽን በአንድ ጧፍ ለውጬልሻለሁ፣ ተፈትተሻል» ብለው መስቀላቸውን አሳለሟትና ዳቦውን በገዛ እጃቸው ቆርሰው አጎረሷት። ሴቱ እልል አለ። ይህን ሁሉ ዓይን ተሸክማ፣ የመምሬን እጅ ገፍታ፣ ምን ትበል? ዋጠች። ስድስት ቀን ሙሉ ከአልጋና ከመጸዳጃ ቤት ሳትወጣ ቀረች። መምሬ ምን ያጥፉ! እሳቸው የፈቱት የተነገራቸውን ስለት ነው። ስለት ይፈታል፤ በሽታ በጧፍ አይለወጥም። በሰባተኛው ቀን ኮከብ ግድግዳውን ይዛ ተነሣችና «እማዬ፣ ከእንግዲህ ሆዴን በውሸት አልከልልም። ያመነ ይመን፣ ያላመነ የራሱ ጉዳይ» አለች።

ያላመነው በዛ። ከሁሉም የባሱት እትዬ አረጋሽ ናቸው። እትዬ አረጋሽ የእድሩ የወጥ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ሃምሳ ድስትና አምስት መቶ ሰሃን በቃላቸው የሚይዙ፣ የሴቱን የሥራ ተራ የሚመድቡ፣ ተቆጥተው የሚያበሉ ሴት። ቂማቸው ግን ከዳቦም ያልፋል። ባለፈው ዓመት ባላቸው የሞቱ ጊዜ ኮከብ ልቅሶ ደርሳ ገና አጠገባቸው ከመቀመጧ፣ አንዲት ሴት ድንኳኑ ውስጥ የዝንብ መድኃኒት ነፋች። ኮከብ ነጠላዋን በአፍንጫዋ ላይ ጭምቅ አድርጋ፣ ሰው እየረገጠች ወጥታ ሮጠች። እትዬ አረጋሽ በእንባቸው መሃል ያዩት ይህንን ነው፤ የሰው ሐዘን ሸቷት አፍንጫዋን ይዛ የምትሸሽ ሴት። እንግዲህ ማን ይፈርድባቸዋል? ኮከብ ደግሞ በማግስቱ ሄዳ ብታስረዳ ኖሮ! አልሄደችም። አፈረች፤ ዛሬ ነገ ስትል ዓመቱ ዞረ።

የእድሩ ደንብ አጭር ነው፤ ሦስት ልቅሶ የወጥ ቤት ተራውን ያልሠራ ይሰረዛል። ኮከብ ሰሃኑ በሚታጠብበት በረኪና ምክንያት ሦስት ልቅሶ ሳትሠራ ቀርታለች። ስለ መሰረዟ እሑድ እንድትቀርብ የእድሩ ጥሪ ሲመጣ እማማ ሽታዬ ወረቀቱን ከእጇ ነጥቀው እንደ ክፉ መርዶ ያዩት ጀመር።

ለእሳቸው እድር ማለት ዋዛ አይደለም። ከመንዝ ወርደው ወለንጪቲ በከተሙ በሦስተኛው ወር ባላቸው ሞተውባቸዋል። አገሩን አያውቁ፣ እድር የላቸው። አራት የቀን ሠራተኞች ሬሳውን ተሸክመው ሲሄዱ፣ ኮከብን አዝለው ለብቻቸው ከኋላ ተከትለዋል። አንድ ሰው አብሯቸው አላለቀሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ልመና ብቻ ነው ያላቸው፤ ሲሞቱ ሰው እንዲቀብራቸው።

«ተለመኚኝ» አሏት ቅዳሜ ከሰዓት። «‹ስለቴን አድሻለሁ› በይ። ደገፋ ዳኛው ደግ ሰው ነው፣ ይቀበልሻል።»

«አልልም እማዬ።»

«የእኔ ሬሳ ሜዳ ላይ ይቅር?»

«አይቀርም! ግን ደግሞ ከዋሸሁ ነገ ሌላ ቄስ ይፈታኛል፣ ከነገ ወዲያ ሌላው ያጎርሰኛል። ስንቴ ልሙትልሽ?»

እማማ ሽታዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኮከብ ልቧ ተሰበረ። ቢሆንም የሐኪሙን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ ግቢ፣ ዋርካው ሥር፣ አግዳሚው ሞልቶ ጠበቃት። ዳኛው አቶ ደገፋ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ቃለ ጉባኤውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። እማማ ሽታዬ በከዘራቸው እየተደገፉ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ አረጋሽ ናቸው። «እኔ በሰው ክፉ አልናገርም» አሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሚያስከትል የታወቀ ነው። «ይቺ ልጅ ድስት አላጠበችም። ሰሃን አላነሣችም። እንጀራችንን ተጸየፈች። ስለት ነው ስትለን ተቀበልናት፤ ስለቱ ሲፈታ ደግሞ በሽታ ሆነ! ከባሌ ልቅሶ አፍንጫዋን ይዛ ሸሽታለች። እኔን ለመቅበርም አፍንጫዋን ይዛ ትምጣ?» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ሰውም አብሮ አጉረመረመ።

ኮከብ ተነሣች።

«እትዬ አረጋሽ፣ በመጀመሪያ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእርስዎ ሐዘን አልሸሸሁም። የዝንብ መድኃኒት ሲነፋ ትንፋሼ ተቋርጦ ነው የወጣሁት። አጥሩ ሥር ተቀምጬ፣ ደረቴ እስኪከፈት ድረስ ለባለቤትዎ ለጋሼ ሳለቅስ ነበር። መጥቼ ልነግርዎ ሲገባኝ ፈርቼ ቀረሁ። ጥፋቴ ይኼ ነው። ሁለተኛው ጥፋቴ ስለት አለብኝ ብዬ መዋሸቴ ነው። ስለት አልነበረም። በሽታ ነው፤ ወረቀቱም ይኸው።»

«ስንዴ ነው እንግዲህ የገደለሽ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቅ ሆነ። «እስቲ አንድ ጉርሻ ብዪና እንይሽ!» አለች ሌላዋ።

«አልበላም» አለች ኮከብ። «ለማሳየት ብዬ አልታመምም። የምጠይቃችሁ ይኼን ነው፤ ከእድሩ ዕቃ አንድ ድስት ለብቻ ይሁንልኝ፣ ስንዴ አይንካው። ድንኳን ውስጥ እኔ ካለሁ መድኃኒት አይነፋ። በረኪና ያለበት ሥራ አልችልም፤ በሱ ፈንታ የተቀደደውን ድንኳን ሁሉ እሰፋለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ፣ ሽንኩርት እልጣለሁ። ሥራ አልጠላሁም።»

«ለአንድ ሰው ብለን ድስት?» አለ ያው ከኋላ ያለው።

ይኼኔ አዴ ሑስና ሻሻቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አዴ ሑስና ከእድሩ መሥራቾች አንዷ ናቸው። «ለእኛ ለእስላሞቹ ስንት ድስት አላችሁ?» አሉ። «ቢላው ለብቻ፣ ድስቱ ለብቻ፣ አራጁ ለብቻ። ሠላሳ ዓመት! ወላሂ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹እስቲ ብዪና እንይሽ› ያለኝ የለም።»

ያ ከኋላ ያለው ሰውዬ አንገቱን ደፋ። እትዬ አረጋሽ ግን «ያ ሃይማኖት ነው!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ተንጠለጠለ።

አቶ ደገፋ ሰው ማጣላት አይወዱም። ዙሪያውን ዓይተው ወደ እማማ ሽታዬ ዞሩ። «ማሎ፣ እባክዎ እማማ» አሏቸው በለሰለሰ ድምፅ። «እርስዎ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰው ነዎት፤ ቃልዎን ሁሉም ያምናል። ነገሩ ስለት ከሆነ፣ ገና ያልተፈጸመ ስለት ከሆነ፣ ስለት ነው ይበሉን። እኛም እንጽፋለን፣ ጉዳዩም ይዘጋል። ሃይማኖት ነው ካልን ማንም አይከራከርም።»

ሰው ሁሉ እፎይ አለ። መውጫ ተገኘ። እትዬ አረጋሽ እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለኮከብ ግን መውጫ አልነበረም። አሁን እማዬ «አዎ» ካለች፣ እድሩ ይተርፋል፤ እሷ ግን በገዛ እናቷ ቃል እንደገና ስለተኛ ትሆናለች፣ ዕድሜ ልኳን መስቀልና ዳቦ ይዞ የሚመጣ ደግ ሰው ስትጠብቅ ትኖራለች። እናቷን «አይሆንም» ብላ በአደባባይ ልታሳፍራቸው ደግሞ አንደበት የላትም።

እማማ ሽታዬ ከዘራቸውን ተክለው ተነሡ።

«ስለት አይደለም» አሉ።

«እማማ...»

«አስጨርሰኝ፣ ደገፋ። ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። መቀበር ፈርቼ ነው። ባሌን አራት ሰው ቀብሮብኝ፣ እኔም እንደዚያ እንዳልሄድ ፈርቼ፣ ልጄን አስዋሸኋት። እሷ በዳቦው ስድስት ቀን ስትወድቅ ሽንት ቤት ደግፌ የወሰድኳት፣ ደሟን ያየሁ እኔ ነኝ። ትላንትና ደግሞ ‹ደግመሽ ዋሺ› አልኳት። ስለ ሬሳዬ ብዬ!» ከዘራቸው መሬቱን መታ። «ትሰርዙን እንደሆነ ሰርዙን። ሌሊቱን ሙሉ አስቤበታለሁ። ብቻዋን በጋሪ ጎትታም ትቅበረኝ። እሷ ትቅበረኝ እንጂ፣ ሰው ደስ ይበለው ብዬ እኔ እሷን አልቀብራትም።»

ኮከብ እንባዋን አልቻለችውም። እድሩ ለእናቷ ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያንን ነው አሁን አውጥተው የጣሉት።

አቶ ደገፋ እስክሪብቶውን ይዘው ቀሩ። ማንም «እጅ አውጡ» አላለም። ሰው ሁሉ ወደ እትዬ አረጋሽ ያያል፤ የወጥ ቤቱ ነገር ያለ እሳቸው እንደማይሆን ያውቃላ። እትዬ አረጋሽ ጥቁር ነጠላቸውን ደጋግመው አጣፉ። ኮከብን ትኩር ብለው አዩዋት፤ ፊታቸው አልፈታም።

«አጥሩ ሥር ነው የነበርሽው?» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ለእሱ ስታለቅሺ?»

«ለጋሼ፣ አዎ።»

እትዬ አረጋሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ እማማ ሽታዬ ዞሩ። «ይቀመጡ እማማ፣ ማንም በጋሪ አይጎተትም፤ እኔ በሕይወት እያለሁ!» አሉ በቁጣ። ከዚያ ያንኑ ቁጣ ይዘው ወደ ኮከብ ተመለሱ።

«አንቺ ደግሞ ድስት ለብቻ ብለሽ ዝም ትያለሽ? ጭልፋውስ? ዳቦ በነካ እጅ የዞረ ጭልፋ ድስትሽ ውስጥ ከገባ ምን ዋጋ አለው?»

ኮከብ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ለራሷም አልገባትም። «ጭልፋውም ለብቻ» አለች።

«ክዳኑም» አሉ እትዬ አረጋሽ። «ጻፍ፣ ደገፋ።»