የሰባተኛው ቤት ደወል

ሮቢት ውስጥ ታምሬን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ዕቃ ተበላሽቶበት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። መንገድ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቁ ሬዲዮ ይጠግናል፣ ስልክ ይጠግናል፣ የሶላር ባትሪ ነፍስ ይዘራበታል። አፉ ዝምተኛ ነው፤ እጁ ግን አያርፍም። እንግዲህ ሰፈሬን በደወል አድናለሁ ብሎ የተነሳው ይኸው ሰው ነው።

ድሮ አንድ ቤት ክፉ ነገር ከገባ ኡኡ ይባላል። ኡኡታ የሰማ ቆመጡን ይዞ ይወጣል። የማን ቤት ነው ብሎ ቆሞ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የሚጠየቀው እየተሮጠ ነው። ነግ በኔ ነዋ! ያልወጣ ሰው በማግስቱ በምን ዓይኑ ሰው ያያል? የታምሬ ቤት በእሳት የተያያዘ ጊዜ፣ ጫማ እንኳ ሳያጠልቁ ቀድመው የደረሱት የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሙሀመድሰይድ ነበሩ። ሴት ልጁን ከጭሱ ውስጥ ታቅፈው ያወጡለትም እሳቸው ናቸው።

ኋላ ዘመኑ ከፋ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ቤት እየገቡ ሰው ይዘው መሄድ ጀመሩ። ማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም አይናገርም። በጥይት እንጠራራ እንዳይባል፣ ተኩሱ ሌት ተቀን ስለሆነ ማን ጆሮ ይሰጠዋል? በስልክ እንዳይባል፣ ኔትወርኩ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። ላይ ሰፈር አንድ ሰው ኡኡ ቢል እዚያው ደጁ ላይ በጥይት ጣሉት። ከዚያ ወዲህ ሰው መጮህም ፈራ።

ታምሬ ይህን ነገር ሲያወጣ ሲያወርድ ሁለት ወር ከረመ። ዋጃ ወርዶ አሮጌ ቴፖች ለቃቅሞ ሞተራቸውን ፈታ። በአጥር በአጥር ሽቦ ዘርግቶ ዘጠኝ ቤት አገናኘ። በየቤቱ ግድግዳ አንዲት ቁልፍና አንዲት ትንሽ ደወል ሰቀለ። ቁልፏ የተጫነችበት ቤት ጸጥ ይላል፤ የስምንቱ ጎረቤት ደወል ግን ይመታል። የገባው ጠላት እንዳይሰማ፣ ወዳጅ ብቻ እንዲሰማ ብሎ ነው።

ሰው ወዴት ልሩጥ ብሎ እንዳይደናገር ደግሞ ለየቤቱ ቁጥር አወጣለት። ከቆርቆሮ ባለ ጥርስ ክብ እየቆረጠ ከሞተሩ ጋር አገጣጠመ። የሁለተኛው ቤት ቁልፍ ሲጫን ሁለቴ፣ የዘጠነኛው ሲጫን ዘጠኝ ጊዜ ይመታና፣ ትንሽ አርፎ ይደግማል። ወይ ብልሃት! ሽማግሌዎቹ መረቁት። ባትሪውን የሰጡት ጋሽ ሙሀመድሰይድ ናቸው፤ የሳቸው ቤት ሰባተኛ ሆነ።

አንድ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ባስገባበት ሰዓት፣ ታምሬ ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ ደወሉ መታ። ዘሎ ተነሳና መቁጠር ጀመረ። ሁለትን አለፈ፤ እናቱ አይደለችም። አምስትን አለፈ፤ ወንድሙ ይሁኔ አይደለም። ሰባት ላይ ቆመ።

ታምሬ እፎይ አለ። ያን ትንፋሽ መልሶ ቢውጠው በወደደ፤ ግን አንዴ ወጥቷል።

መጥረቢያውን አነሳ። ሚስቱ መቅደላዊት በሩ ላይ ቆመችበት፤ ማን ወጣና ነው አንተ ብቻህን የምትሞተው አለችው። በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። ማዶ ይሁኔም እንደሱ በአጥሩ ያያል። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሌላው ይውጣና እወጣለሁ አለ ታምሬ በልቡ። ይሁኔም ያንኑ ሳይል አይቀርም። ደወሉ ሰባት መትቶ ያርፋል፣ ደግሞ ሰባት ይመታል። መጨረሻ ላይ መቅደላዊት አላስችል ብሏት ደወሉ ላይ ጋቢ ደረበችበት። በጋቢውም ውስጥ ሆኖ ይቆጠር ነበር።

የመኪና ድምፅ ተሰምቶ ከራቀ በኋላ የየቤቱ በር ተከፈተ። ያን ጊዜማ ማን ይቅር! ቆመጥ ያልያዘ አልነበረም። የጋሽ ሙሀመድሰይድ ባለቤት እትዬ ሀስና ነጠላቸው ወልቆ ግቢያቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ባላቸውን ወስደዋቸዋል። እሳቸው ግን የሚያዩት ታምሬን ነበር።

"ልጄ፣ ደወልህን ምን ነካው?" አሉት። "እሳቸውን እየገፉ ሲያወጧቸው ጓዳ ገብቼ ቁልፏን ይዤ አልለቀቅኋትም። እሷን አምኜ አፌን ያዝኩ። ምነው ኡኡ ባልኩ ኖሮ!"

ሰፈርተኛው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ታምሬ እናቱን አየ፣ ወንድሙን አየ። ሠርቷል ቢል የስምንት ቤት ሰው እዚያው ሊራቆት ነው፤ አንደኛው ራሱ ነው።

"ሽቦው ተበጥሶ ነው፣ እትዬ" አለ።

ይሁኔ ወዲያው ፍየል ይሆናል የበጠሰው አለ። አዎ፣ ፍየል ነው፣ ይቺ ፍየል መከራ ሆነችብን እየተባለ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ፍየል ረገመ። እትዬ ሀስና ግን የታምሬን እጅ ያዙና፣ የአላህ ሥራ ነው፣ አንተማ ለፍተሃል፣ እንዳይከፋህ አሉት። ቢረግሙት ምን ነበረበት!

የጋሽ ሙሀመድሰይድ ወሬ ጠፋ። ወፍጮ ቤቱ ተዘጋ፤ ሰው እህሉን እየተሸከመ ጎብዬ ማስፈጨት ጀመረ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እትዬ ሀስና ታምሬን አስጠሩት። እንግዲህ ብቻዬን ነኝ፣ ሽቦውን ቀጥልልኝ አሉት።

ከጧት ጀምሮ ያልተበላሸውን ሲጠግን አረፈደ። ንጹሑን ጠረገ፣ የጠበቀውን ፈትቶ አጠበቀ። እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ስለሚያዩት ደህናውን ሽቦ በጥሶ ቀጠለው። ውኃ ቢያመጡለት ሳይቀምስ አስቀመጠው። ቀትር ላይ አልቋል አለ።

ቆይ ሳይላቸው እጃቸውን ሰደው ቁልፏን ተጫኑ። ሦስቴ ሳይደግም የግቢው በር ተበረገደና ይሁኔ መጥረቢያውን ይዞ ገባ። ከኋላው መቅደላዊት፣ የታምሬ እናት በምርኩዛቸው፣ የስምንቱም ቤት ሰው ተከታትሎ ገባ። ታምሬ ሲጠግን ማርፈዱን ሁሉም ያውቃል፤ የገባ ጠላት እንደሌለም ያውቃል።

እትዬ ሀስና የሞላውን ግቢ ዞር ዞር ብለው አዩና እንባቸው መጣ።

"አየህ ታምሬ" አሉ፤ "ሲሠራማ ሰው ይደርሳል።"