ገና ያልተላመደ ሞተር

የባላምባራስ ገብረ አምላክ በቅሎ የካሳን ዶቅዶቄ ለሦስተኛ ጊዜ ቀደመችው። ካሳ የሰቆጣ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ ቁስል ያክማል፣ ክትባት ይሰጣል፤ መሥሪያ ቤቱ አዲሱን ሞተር ብስክሌት ከሰጠው ገና ሳምንቱ ነው። ሜዳው ላይ እየተንዶቀዶቀ ያልፋቸዋል፤ ጥቂት እንደሄደ ያቆምና ሞተሩ እስኪበርድ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ዳገት ሲመጣ ደግሞ ወርዶ ይገፋዋል።

"እሱ ነው ዶቅዶቄውን የሚጋልበው ወይስ ዶቅዶቄው ነው እሱን የሚጋልበው?" አለ ምንዋጋው። ምንዋጋው የባላምባራስ ጎረቤት ነው፤ በግራጫ በቅሎው አብሯቸው ገበያ እየወጣ ነው፤ አፉ አያርፍም።

ባላምባራስ አልሳቁም። ካሳ ባለፈው ሳምንት ሽማግሌ ልኮ ልጃቸውን ወለተ ሰንበትን አስጠይቋል፤ መልሱን ለእሑድ ቀጥረዋል። ጨዋ ልጅ መሆኑን ሰምተዋል። ግን በበቅሎ የሚቀደም አማች ይዞ ገበያ መግባት ሞት መስሎ ታያቸው። ሰቆጣ ደግሞ ስም ለማውጣት ማን ብሏት!

ከተማው ሊገቡ አንድ ዳገት ሲቀራቸው፣ ያለፋቸውን ካሳን እንደገና ከግራር ሥር ቆሞ አገኙት። ሲያያቸው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።

"ምን ሆነብህ ልጄ? ታመመ እንዴ?"

"ደህና ነው ባላምባራስ። አዲስ ስለሆነ ነው። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር እስኪሞላ አይፈጥንም፣ ዳገት ላይ አይጨነቅም፣ ሲግል ይቆማል። ውስጡ ያለው ብረት እርስ በርሱ ገና አልተላመደም።"

"ካልታገሥከውስ?"

"ብረቱ እርስ በርሱ ይናከስና ሞተሩ ቀጥ ይላል። እዚህ አገር ደግሞ የሚጠግነው የለም።"

ባላምባራስ ወደ ዳገቱ ቀና አሉ። ገበያተኛው አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይህችን ዳገት ብቻ ሽምጥ ጋልባት። ሰው እያየን ነው። በሞቴ!"

ካሳ መሬት መሬት አየ። "ባላምባራስ፣ ሌላ ይዘዙኝ። ይኼ የእኔ ንብረት አይደለም። ክረምቱ ሳይገባ አበርገሌ ወርጄ ሕፃናት መክተብ አለብኝ። አምና በእግሬ እዚያው ኒሯቅ ስደርስ ፈንጣጣው ቀድሞኝ ነበር።"

"በሞቴ አልኩህ እኮ!"

"ይቅር ይበሉኝ።"

ባላምባራስ ደማቸው ፈላ። በሞታቸው ለምነውት እምቢ ያላቸው ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ ያውም ልጃቸውን የሚፈልግ! በቅሎዋን ኮለኮሉና ዳገቱን ያዙት።

"በቃ፣ የእሑዱ ነገር አለቀለት" አለ ምንዋጋው ከኋላ። "ሴት ልጅ በብረት ለወጠ!"

የካሳ እምቢታ ግን ባላምባራስን የድሮ ነገር አስታወሳቸው። በጎልማሳነታቸው አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረቻቸው፤ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። "ወገቧ አልጠናም፣ ቆይ" ብለዋቸው ነበር አባታቸው። እሳቸው ግን በጥምቀት ዕለት ሕዝብ ፊት ሽምጥ ጋለቧት። እልልታው ቀለጠ። በማግሥቱ ከተኛችበት መነሣት አቃታት፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቁና እህል ሳትሸከም ሞተች። ያን ዕለት ማንም "በሞቴ" ብሎ አልለመናቸውም፤ የሰው ዓይን ብቻ በቃቸው። ይህ ልጅ ግን በሰው ዓይን መሐል ዶቅዶቄውን እየገፋ ነው። ባላምባራስ በራሳቸው አፈሩ።

አፋፉ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ልጓሟን ሳቡ።

"ምነው?" አለ ምንዋጋው። "እንግባ እንጂ! ሰው ሁሉ እኛን ነው የሚያየው።"

"ይየን።"

ካሳ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ እያለከለከ ደረሰ። ቆመው ሲጠብቁት አይቶ ደነገጠ።

"ከዚህ በኋላ ሜዳ ነው" አሉት። "አስነሣውና ቅደም።"

"ኧረ እንዴት ተደርጎ! እርስዎ እያሉ እኔ ከፊት?"

"ቅደም ብያለሁ። በሚችለው ልክ ይሂድ።"

ካሳ ሞተሩን አስነሣ፤ ከሰው እርምጃ ባልበለጠ ፍጥነት ወደ ገበያው አቀና። ባላምባራስ ከበቅሎዋ ወረዱ። ገበያተኛው አፉን ከፍቶ እያየ፣ በቅሎዋን እየሳቡ በእግራቸው ከኋላው ተከተሉት።