ሦስተኛው ለምን

የሰፈሩን ማኅበር ስብሰባ እንድመራ የጠየቁኝ ሰብሳቢያችን ልብስ ሰፊው ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ልማት መማሬን ሰምተው ነው። ሰው ፊት መናገር እንደማልችል ነገርኳቸው።

«አንቺ ጠይቂ እንጂ አትናገሪ፤ መናገሩን እኛ እንችልበታለን» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

የተሰበሰብነው በሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት ነው። ትልልቆቹ ሰዎች ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ለእያንዳንዱ ሰው ካርድ አደልኩ። አንድ ካርድ ላይ አንድ ችግር፣ ስም አይጻፍም። መጻፍ ለማይችሉት እኔ ጻፍኩላቸው። ከዚያ ሁሉንም ግድግዳው ላይ ለጥፈን የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ሰበሰብናቸው። ከሠላሳ አንዱ አሥራ ስምንቱ ስለ ውሃ ቦኖው ነበሩ፤ ረፋድ ላይ ይዘጋል፣ ወረፋ ሳይደርሰን እንመለሳለን፣ ጀሪካኑ ባዶውን ይውላል።

«አሥራ ዘጠነኛው እዚያ ጥግ ያለው የኔ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ያለ ውሃ ስላጨው ደንበኛዬ አልቅሶ ይወጣል የሚለው።»

ተሳቀ። ስም አይጠራም ብዬ ነበር፤ ግን እኔም ሳቅሁ።

«አሁን ለምን እያልን አምስት ጊዜ እንጠይቃለን» አልኩ። «መልሱ የሰው ስም ከሆነ ምክንያቱ ጋ አልደረስንም ማለት ነው። እንደገና ለምን እንላለን።» ይህን ቃል በቃል ከደብተሬ ነው ያነበብኩት።

ለምን ወረፋው ሳያልቅ ይበተናል? ቦኖው እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ስለማይሆን። ለምን? አራት ሰዓት ላይ ስለሚቆለፍ። ለምን?

«እትዬ ቁልፍ ቆልፋ ስለምትሄድ ነዋ» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

እትዬ ቁልፍ የቦኖው ጠባቂ ናቸው። ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉ ነው ስሙ የወጣላቸው። በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ሌላ ማንንም አላዩም።

የት እንደሚሄዱ አውቅ ነበር። ወደ እኛ ቤት ነው። አባቴ ግማሽ አካሉ መንቀሳቀስ ካቆመ ስምንት ወሩ ነው። እናቴ ሳይነጋ ፋብሪካ ትገባለች፣ እኔም ቢሮ። አራት ሰዓት ላይ ጎረቤታችን እትዬ በጓሮ በር ገብተው ያገላብጡታል፣ ያጥቡታል፣ ያጎርሱታል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ተመልሰው ቦኖውን ሲከፍቱ ወረፋው ተበትኗል። አባቴ የዚህ ማኅበር የመጀመሪያ ሰብሳቢ ነበር። እንደዚህ መሆኑን ሰው እንዳያውቅበት ለምኗቸዋል። ሰፈሩ የሚያውቀው «ትንሽ አሞት ተኝቷል» የሚለውን ብቻ ነው።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። አራተኛውን ለምን መጠየቅ የኔ ፋንታ ነበር።

«ጊዜ ስላጠረን ወደ መፍትሔው እንለፍ» አልኩ።

መፍትሔው ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሌላ ጠባቂ ይቀጠር በሚለው ላይ እጅ ወጣ።

«እሷስ ምን ትላለች?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ምንም» አሉ እትዬ።

የሚተዳደሩት በዚያች ሥራ ብቻ ነበር። ቁልፉን በሚቀጥለው እሑድ እንዲያስረክቡ ተወሰነ።

ማክሰኞ ከቢሮ አስፈቅጄ ቤት ጠበቅኳቸው። አይመጡም ብዬ ነበር። ልክ በአራት ሰዓት መጡ፣ እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ።

«እትዬ፣ ለምን ዝም አሉ?»

«ጠያቂዋ አንቺ ነበርሽ። ጠየቅሽኝ እንዴ?» ሳሙናውን አስቀመጡ። «እኔስ አደራ አለብኝ። አንቺን ምን ያዘሽ?»

አባቴን ላለማዋረድ ነው ማለት ቀላል ነበር። ለሁለት ቀን ለራሴ ስለው ቆይቻለሁ። ግን ምክንያቱ ያ አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ እንዳያየኝ ነው። አባቷን ለጎረቤት ጥላ እዚህ ቆማ ለምን ለምን ትለናለች እንዳይሉኝ ነው። ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ፎጣ አቀበልኳቸው።

ቅዳሜ ለአባቴ ነገርኩት። ንግግሩ ስለሚጎተትበት ቃል ይቆጥባል።

«ቦኖውን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለ። «አሁን በእኔ ምክንያት ነው ሰው ውሃ የሚያጣው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ተናገሪ።» ቆይቶ ደግሞ፣ «ስለ ማጠቡ ግን ዝለይው» አለኝ።

እሑድ ካርዶቹ እንደተለጠፉ ነበሩ። ሁለት ካርድ ጨመርኩና ጮክ ብዬ አነበብኳቸው። ለምን ቆልፈው ይሄዳሉ? አባቴ መነሳት ስለማይችል ሊያገላብጡትና ሊያጎርሱት። ለምን እሳቸው? እኛ ቤተሰቦቹ የሚያስታምመው ሰው ስላላዘጋጀን፤ እኔም ለምን ብዬ ስላልጠየቅሁ።

«ልጄ፣ ይሄን ባለፈው እሑድ ታውቂው ነበር?» አሉ ልብስ ሰፊው።

«አውቅ ነበር።»

ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«በአራት ሰዓት እኔ ሱቅ ዝንብም አይመጣ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ያቺን ሰዓት ቦኖው ጋ እኔ ልቀመጥላት። ሰልፈኛውንም እዚያው እላጫለሁ።»

እጅ ወጣ፤ ካለፈው ይበልጣል። ቁልፉ እትዬ ጋ ይቆይ ተባለ።

እትዬ ቁልፍ ተነስተው ክሩን ከአንገታቸው አወለቁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«አንዴ እጅ ወጥቶብኛል» አሉ። «አሁን ሲወጣልኝ ደስ አላለኝም። የመጋዘን ጽዳት አግኝቻለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነው።»

«እትዬ፣ እባክዎ» አልኩ።

«አባትሽ ጋ ነገም እመጣለሁ። እሱ ምን አጠፋ?»

ሰኞ መጡ። እኔም ከቢሮ ጠዋት ጠዋት እንዲለቁኝ ለምኜ ስለነበር አብረን ገባን። እሳቸው በትከሻው በኩል፣ እኔ በእግሩ በኩል ሆንን። ከአባቴ ጋር እሑድ በእሳቸው ቦታ ስለተተካው አዲስ ጠባቂ አወሩ፤ ቁልፉን በቀበቶው አስሮ እንደሚንጎራደድ ነግረውት አሳቁት። ወደ እኔ ሲዞሩ «ያዢ» እና «ልቀቂ» ብቻ ነበር የሚሉኝ። ያዢ ሲሉኝ ያዝኩ፣ ልቀቂ ሲሉኝ ለቀቅሁ።