የሃያ ሦስቱ መንደሮች አንድ መጠለያ

አውሎ ነፋሱ በማግስቱ የሆንዱራስን ሰሜን ጠረፍ እንደሚመታ በተነገረ ዕለት፣ የማዘጋጃ ቤቱን ድረ ገጽ ብቻዋን የምትሠራው ኦቲልያ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አለቃዋ ዶን ኤውሴቢዮ በሩ ላይ ቆሙ።

«በሁሉም ገጽ አናት ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይውጣ። ቶሎ!»

«አምስት ደቂቃ ይስጡኝ።»

«ያንቺን አምስት ደቂቃ አውቃታለሁ፤ ምሳ ታስረሳለች።»

ኦቲልያ ግን የዋዛ አልነበረችም። ከላይ የከተማውን ዓርማና ስልክ የያዘ ሌሎቹ ገጾች ቅርጻቸውን የሚወርሱት አንድ እናት አብነት (ቴምፕሌት) ሠርታለች። ከእሱ የመንደሮች አብነት ይወለዳል፤ ከዚያ ደግሞ ሃያ ሦስት የመንደር ገጾች። እናቲቱ ስትነካ ልጅም የልጅ ልጅም ይለወጣል። በየመንደሩ የሚለያየው ሰው የሚጠለልበት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ በመንደሮቹ አብነት ላይ በየገጹ የየራሱ ስም የሚገባበት ክፍት ቦታ ትታለች።

ቀዩን መስመር እናቲቱ ላይ ጨመረች። መጠለያውም ጎልቶ ይታይ ብላ በመንደሮቹ አብነት ላይ ወደ ላይ ሳበችው። ክፍት ቦታው በዚያው እንደ ተደመሰሰ አላየችም። ፕሮግራሙ «የቀድሞው ጽሑፍ የት ይግባ?» ሲላት፣ የተረሳ ኮተት መስሏት «የትም» የሚለውን ተጫነች። ሁሉንም አድሳ ወደ ኢንተርኔቱ ላከችው።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ።

«ኦቲልያ፣ ሊሳንድሮ ነኝ፤ የላስ ክሩሲታስ መንደር መምህር። ሰዉን ወደ ሳን ኢሲድሮ ትምህርት ቤት እያወረድን ነው፣ ግን እኔ እንጃ...»

«ወዴት?»

«ገጻችሁ ላይ ያለው ነዋ! አንዱ ካሚዮን ሄዷል። ያ ትምህርት ቤት ወንዙ አፍ ላይ አይደል እንዴ?»

ወዲያው የላስ ክሩሲታስን ገጽ ከፈተች። ሳን ኢሲድሮ ትምህርት ቤት። የኤል ናራንሆ መንደርን ገጽ ከፈተች። ሳን ኢሲድሮ። ሃያ ሦስቱም ያው ነበሩ። የየመንደሩ መጠለያ ስም «የትም» ስትል ጠፍቶ፣ የቀረው አብነቱን ስትሞክር ለናሙና የጻፈችው ስም ነው፤ ባለፈው ጎርፍ መስኮቱ ድረስ ውሃ ስለገባበት ከመጠለያነት የተሰረዘ ቦታ።

«አቁሙ! እንዳትወርዱ! የናንተ መጠለያ ኮረብታው ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ካሚዮኑስ? አሥራ ዘጠኝ ሰው ይዟል እኮ! ሰባቱ ሕፃናት ናቸው። ሹፌሩ ስልክ የለውም።»

ስልኩን ዘግታ ወደ አለቃዋ ሮጠች።

ለዶን ኤውሴቢዮ ስትነግራቸው አልጮኹም። ቢሰድቧት በወደደች። «ገጹን ዝጊው» አሏትና፣ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ቢሮ ግድግዳ ላይ የመጠለያውን ዝርዝር ገንጥለው፣ በሬዲዮ ሊያስነግሩ ወደ ጣቢያው በሩጫ ሄዱ። እሷ መንደር በመንደር ደወለች። አንዳንዱ ሰምቷል፣ አንዳንዱ ገና ጓዙን እየጠቀለለ ነበር፣ አንዱ ሰደባት። ዝናቡ ጀመረ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ገና ሳታነሳው የሞቱ ሰዎች ይታዩዋታል።

ከቀትር በኋላ ሊሳንድሮ ደወለ። «ተመልሰዋል!»

ካሚዮኑ የወንዙ መሻገሪያ ላይ ሲደርስ ዶኛ ካሲልዳ የምትባል ባልቴት የሹፌሩን ክፍል ጣሪያ በቡጢ ደብድባ አስቁማው ነበር። «ላሜን የበላ ወንዝ የልጅ ልጄን አይደግምም! አዙር!»

ኦቲልያ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ተንሰቀሰቀች። ከዚያ ተነስታ፣ ከሬዲዮ ጣቢያው የተመለሱት ዶን ኤውሴቢዮ ዝርዝሩን ጮክ ብለው እያነበቡላት የሃያ ሦስቱን ገጾች መጠለያ አንድ በአንድ ራሷ ጻፈች። በማግስቱ ወንዙ የሳን ኢሲድሮን ትምህርት ቤት እስከ ጣሪያው ዋጠው።

መንገዱ ሲከፈት ይቅርታ ልትጠይቅ ላስ ክሩሲታስ ወጣች። ዶኛ ካሲልዳ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«አንቺ ነሽ? አልቆጣሽም። ተቀመጪ። ካሚዮኑ ላይ የነበሩትን የሰባቱን ልጆች ስም ልንገርሽ፤ አንቺ ደግሞ በቃልሽ ትደግሚልኛለሽ።»

ኦቲልያ ተቀመጠች። ስሞቹን ስትደግም ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ አሮጊቷም ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው አስጀመረቻት።